ስለ መፀው ቀለምና ስለ ቤተ ሰብ መዝገብ

ባለፈው ኅዳር ወር ከእንግሊዝ አገር የመጣ አንድ መንገደኛ ትንሽ ጠርሙስ አምጥቶ ሰጠን። ጠርሙሲቱን ላያት ሽቱ የተቀመጠባት ትመስል ነበር፤ ነገር ግን በውስጧ ያለው ሽቱ ሳይሆን 30 ሚሊ ሊትር የሚሆን የጽሕፈት ቀለም ነው። የላከችልንም በዚያው አገር ተቀምጣ የምትሠራው የታላቅ እኅታችን ልጅ ናት። ከጠርሙሲቱ ጋራ የመጣው ደብዳቤም የተጻፈው በዚሁ ቀለም ነበር፤ መልኩም ቡናማ ነው እንዳይሉት ብርቱካን፥ ብርቱካን ነው እንዳይሉት ቡናማ የሆነ፥ ዳማ ፈረስ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደሚታየው ያለ ነው።

የደብዳቤው ቃል ባጭሩ ይህ ነበር። በጥቅምት ወር ሴት ልጅ ወልዳለች። በተኛችበት ክፍል መስኮት ፊት ለፊት፥ ፈረንጆች ኦክ የሚሉት፥ በመጽሐፍ ባሉጥ ተብሎ የተጻፈው ትልቅ ዛፍ ቆሞ ነበርና፥ ቅጠሉ ሁሉ ይህን ቀለም መስሎ ሲረግፍ እያየች ሕፃኒቱን አጥብታለች። ስለዚህ የልጂቱ ስምና የተወለደችበት ቀን በአያታችን ዳዊት ላይ፥ በቤተ ሰባችን ስም ተራ፥ በዚህ ቀለም እንዲጻፍላት ለመነችን። የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ነንና፥ የጽሕፈት ሥራም እንጀራችን ስለ ሆነ፥ ከዘመዶቿ ሁሉ እኛን መምረጧ አላስደነቀንም።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። እኛ ግን በዳዊቱ ላይ ብዕር ከማሳረፋችን በፊት ከሁለት ወር በላይ ቆየን። ስለ ምን እንደ ቆየን ለማስረዳት የዚያን ዳዊት ነገር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ባገራችን የብራና ዳዊት ያለው ቤት ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ባዶ የሚቀረው ቅጠል የቤተ ሰብ መዝገብ ነው። ልጅ የተወለደበት፥ አባት ያረፈበት፥ ርስት የተካፈሉበት ቀን በዚያ ይጻፋል። በእኛም ዳዊት ላይ የመጀመሪያውን መሥመር የጻፉት አያታችን ናቸው፤ ቀለሙም እጃቸው ያበጀው ጥቁር ነው። ከርሱ በታች አባታችን የታላቅ እኅታችንን ልደት ጻፉ። አባታችን አዲስ ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩና፥ በዚያው ሰሞን ከገበያ የገዙት ሰማያዊ የጠርሙስ ቀለም ነበራቸው፤ የመጀመሪያ ልጄን ስም ካልጻፍሁበት ለምን ገዛሁት ብለው በርሱ ጻፉ። እናታችን እንደሚነግሩን፥ ሰማያዊው ፊደል ባየው ጎረቤት ሁሉ ዘንድ ተመስግኖ ነበር።

ኋላ በ1970ዎቹ ዓመታት ባንዱ ክረምት የቤታችን ክዳን አፈሰሰ። ዳዊቱ በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ተሰቅሎ ነበር፤ የማኅደሩ አፍ ግን በደንብ አልተከደነምና ውሀው በዚያ ገባ። እኛ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርን፤ እናታችን መጽሐፉን ከምድጃው ራቅ አድርገው ቅጠል በቅጠል ሲገልጡና ሲያናፍሱ ትዝ ይለናል። የአያታችን ጥቁር ጽሕፈት ጠርዝ ጠርዙ ደብዝዞ ፊደሉ እንዳለ ተገኘ። የአባታችን ሰማያዊ ግን ጠብታው በወደቀበት ስፍራ ጨርሶ ሄዶ ነበር። ከዓመቱ አኃዝ ውስጥ ፲፱፻፶ የሚለው ቀረ፤ ከዚያ ቀጥሎ የነበረው ታጠበ። ስለዚህ እኅታችን በ1951 ትወለድ ወይም በ1959 ከመጽሐፉ ማወቅ አይቻልም፤ ምናልባትም ሌላ አኃዝ ጨርሶ ያልነበረው ይሆናል። እናታችንን ስንጠይቃቸው፥ «ዝናም የበዛበት ዓመት ነበር» ይሉናል፤ ዝናም የበዛበት ዓመት ግን ብዙ ነው።

ይህ ነገር ለብዙ ዘመን የቤት ጨዋታ ሆኖ ኖረ። እኅታችን 60 ዓመት ሞልቷት ጡረታ የምትወጣበት ጊዜ ሲቀርብ ግን ጨዋታነቱ ቀረ። በእጇ ያሉት ወረቀቶች አንዱ ከሌላው የማይስማማ ዓመት ይናገሩ ስለ ነበር፥ ነገሩን ስታስረዳ ብዙ ወራት ተመላለሰች። ያን ጊዜ እኛ ዳዊቱን አውጥተን፥ ብራናውን በመስኮት ብርሃን ላይ ደግፈን በማጉያ መነጽር ብናይ፥ የዕንባ ምልክት ከሚመስል ሰማያዊ ጥላ በቀር ምንም አላገኘንም። ዕድሜያችንን በመዝገብ መካከል ያሳለፍን ሰዎች ነንና አንድ አኃዝ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን።

አሁን ደግሞ የዚያችው የእኅታችን ልጅ፥ ለልጇ ስም ሌላ የሚያምር ቀለም ከባሕር ማዶ ላከች።

እርግጥ ነው፥ ዛሬ የልደት ነገር በዳዊት ብቻ የሚታመን አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደትና ጋብቻ፥ ፍቺና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ አዟል፤ ምዝገባውም ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ተጀምሯል። ሕፃኒቱም በተወለደችበት አገር ሕግ ተመዝግባለች። ቢሆንም የቤት መዝገብ የሚፈለግበት ቀን የማይመጣ አይምሰላችሁ፤ እኛ ሲፈለግ አይተናል።

እንግዲህ ወደ ጠርሙሲቱ እንመለስ። የጽሕፈት ቀለም የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዛሬ በጥቁርና በሰማያዊ ብቻ አይወሰኑም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1864 ጀምሮ የቆየው፥ በሊቨርፑል ከተማ የሚገኘው ዳያሚን ከሚያወጣቸው እጅግ ብዙ ቀለሞች አንዱን የመፀው ባሉጥ ብሎታል። የጃፓኑ ፓይለት ደግሞ በ2007 ኢሮሺዙኩ ብሎ በጀመረው ተራ ውስጥ ሞሚጂ የሚባል ቀለም አውጥቷል፤ ትርጓሜውም በመፀው የሚቀላ ቅጠል ማለት ነው። የእኛን ጠርሙስ የሠራውን ፋብሪካ ስም ግን ለመጥራት አንወድም፤ ለማስታወቂያም ለወቀሳም አልተነሣንምና።

አንባቢ ሆይ፥ መፀው ስንል አሳባችን ወደ ሁለት መንገድ ይሄዳል። ባገራችን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው፤ ወርኀ ጽጌ የሚገባበት፥ ምድር አበባ የምትለብስበት፥ ኋላም እህል የሚያሸትበትና የሚታጨድበት ነው። በሰሜን አገሮች ግን ያው ወራት ቅጠል የሚረግፍበት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን አራቱን ወቅቶች በሥዕል ያሳዩን ነበር፤ ቅጠሉ ሁሉ የቀላውን ዛፍ ባየን ጊዜ ከልጆቹ አንዱ፥ «እሳት ይዞታል!» ብሎ ጮኸ። መምህራችንም የወቅቱን ስም በልግ ብለው ተረጐሙልን፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ የሚሉ ሰዎች አሉ። በልግ ግን በእኛ አገር ከየካቲት እስከ ግንቦት ዝናም የሚጠበቅበት ነው እንጂ ቅጠል የሚረግፍበት አይደለም።

የቅጠሉ መለወጥ ምክንያት የታወቀ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ነገር ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ዛፉ ይህን ክሎሮፊል ያፈርሰዋል፤ ያን ጊዜ በበጋው ሁሉ ከበታቹ ተሸፍኖ የኖረው ብጫ ይገለጣል። ቀዩ በአንዳንድ ዛፍ ላይ በዚያው ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። የባሉጥ ቅጠል ቡናማነት ግን ከታኒን የመጣ ነው፤ ታኒንም ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች የሚሠሩበት ነገር ነው። ይህን ታኒን የሚለውን ቃል አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። ከባሕር ማዶ ሳይሄድ ይህን መልክ ማየት የሚወድ ሰው ብሳናን ይመልከት፤ ያረጀው ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካን ይመስላል።

ባንድ ማምሻ ከራት በኋላ ገበታው ሲነሣ ጠርሙሲቱን ከፍተን ብዕራችንን ሞላን። ብዕራችን ቀለም በሆዱ የሚይዝ ነው። ቀለሙ ከሆዱ ወደ ጫፉ የሚወርደው በቀጭን ቦይ ነው፤ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስብ ቦዩ ቀለሙን ይስባል፥ በወጣውም ቀለም ልክ አየር በምትኩ ይገባል። አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን በዚህ አሠራር ላበጀው ብዕር የፈጠራ መብት ያገኘው በ1884 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ብዕር የሚገባ ቀለም እንደ ውሀ የቀጠነ መሆን አለበት። የአያታችን የጥላሸት ቀለም ቢገባበት ቦዩን ይደፍነዋል፤ በጠርሙስ የሚሸጠው የሥዕል ጥቁር ቀለምም እንዲሁ ያደርገዋልና በዚህ ስሕተት ብዕሩን ያበላሸ ሰው ጥቂት አይደለም።

በመጀመሪያ የጻፍነው፥ የቄስ ትምህርት ቤት ልማድ ሆኖብን፥ ሀ ሁ ሂ ሃ ነው። በውነት ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ቀለም ነው። ብዕሩ በሚያዘግምበት ስፍራ ቀለሙ ይጠራቀምና ቡና ይመስላል፤ ፈጥኖ በሚያልፍበት ይሳሳና የጠጅ መልክ ያወጣል። ጠ ሦስት እግሮቿ ከላይ ፈካ፥ ከታች ጠቆር ብለው ሲቆሙ፥ አንዱ ፊደል ከሁለት ቀለም የተጻፈ ይመስል ነበር። በመሥሪያ ቤት ሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ ስናይ የኖርን ሰዎች፥ የገዛ እጃችን ጽሕፈት እንዲህ አምሮ አናውቅምና ጥቂት ታበይን።

ትዕቢታችን ግን ብዙ አልቆየም። ብዕሩን ወደ ጎን ስናደርግ አንድ ጠብታ ከአጠገባችን በተቀመጠችው በባለቤታችን ነጠላ ላይ ወደቀ። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሀ ነክራ፥ ሳታሽ በንጹሕ ጨርቅ እየተጫነች አስመጠጠችው፤ ኋላም በሳሙና አጠበችው። ሙቅ ውሀና ኀይለኛ ማሸት ቀለሙን ወደ ክሩ የሚያስገባ ነውና ማድረግ የሚገባ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ከጥለቱ አጠገብ የጣት ጥፍር የምታህል ሐመር ምልክት ቀረች። ከወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሄድ ኋላ ያየነው ይህ ቀለም፥ ከነጠላው ለምን እንዳልወጣ ባለቤታችን እስከ ዛሬ ትጠይቀናለች።

ቀጥለን በየወረቀቱ ሞከርነው። በፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ቀለሙ የወረቀቱን ጭረት እየተከተለ ጢም አወጣ። በልጆች ደብተር ላይ ወደ ጀርባው አለፈ። ለስላሳና ጠንካራ በሆነው የደብዳቤ ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ቆመ፤ ግን በጣት ሲነኩት እንዳይንበሽ እስከ 20 መቁጠር አስፈለገ። በብራና ቁራጭ ላይ በአንዱ ስፍራ ተቀብሎት፥ በሌላው ስፍራ ተሰብስቦ እንደ ጤዛ ቀረ።

ከሁሉ የሚያስደንቀውን ያሳየችን ግን የአሥር ዓመት ልጃችን ናት። በመጣጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቀለም አኖረችና በላዩ ቀስ እያለች ውሀ ጨመረችበት። ጠብታው እየሰፋ ሄደ፤ በመካከሉ ቀይ ዘገየ፥ ብጫው ወደ ዳር ሮጠ፥ በመካከላቸውም ጥቂት ሰማያዊ ታየ። ለካ ቡናማ የሚባል አንድ ቀለም በጠርሙሲቱ ውስጥ አልነበረም፤ ሦስት ማቅለሚያዎች ተስማምተው ቡናማ መስለው ኖረዋል። ሦስት ሰዎች ይዘው ያቆሙት ድንኳን አንዱ ቢለቅ እንዴት እንደሚሆን አንባቢ ያስብ። ይህን ሙከራ እናቶች ከልጆቻቸው ጋራ በቤት ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ነጠላቸውን አስቀድመው ያርቁ እንጂ።

በውሀ የሚሟሟ እንዲህ ያለ ማቅለሚያ የበዛው ከሩቅ ዘመን አይደለም። በ1856 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት የእንግሊዝ ልጅ የወባ መድኀኒት ኪኒንን በሰው ሥራ ለማበጀት ሲደክም፥ ያላሰበውን ሐምራዊ ማቅለሚያ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በተገኘ ነገር ብዙ ዓይነት ማቅለሚያ ተሠራ፤ ልብስም ቀለምም ደመቀ። ድምቀት ግን ከጽናት ጋራ ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም።

ይህንም ለማየት ሁለት ሙከራ አደረግን። በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ አንዱን ቃል አራት ጊዜ ጻፍነው፤ በመፀው ቀለም፥ በተራ ሰማያዊ እስክሪብቶ፥ በእርሳስ፥ እንዲሁም ከአንድ ብራና ጸሐፊ መምህር በለመንነው የጥላሸት ቀለም። አንድ ቀን ካደረ በኋላ አንዱን ቁራጭ በሰሐን ውሀ ውስጥ 10 ደቂቃ አኖርነው። ሌላውን ግማሹን በካርቶን ሸፍነን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ከኅዳር 15 እስከ ጥር 15 ለጠፍነው።

በሰሐኑ ውስጥ ያለው ውሀ ወዲያው የሻይ መልክ ያዘ። የመፀው ቀለም ወረቀቱን ለቆ፥ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ብቻ ሊያነበው የሚችል ሐመር ሮዝ ጥላ ተወ። እስክሪብቶው እንዳለ ነበር። የጥላሸቱ ቀለም ጠርዙ ላይ ጥቂት ጨሰ፤ ፊደሉ ግን ቆመ። እርሳሱም ምንም አልሆነ። በመስኮቱ ላይ ያለው ደግሞ በጥር ወር ካርቶኑን ባነሣን ጊዜ፥ የመፀው ቀለም ተሸፍኖ የነበረው ወገን አዲስ እንደ ተጻፈ ሆኖ፥ ፀሐይ ያየው ወገን ገለባ መስሎ ተገኘ፤ ቀዩ ድንኳኑን ለቆ ሄዷል። ሰማያዊው እስክሪብቶ ራሱ ገርጥቷል። ያልተለወጡት ሁለቱ፥ ጥላሸቱና እርሳሱ ናቸው። ሁለቱም በመሠረቱ ካርቦን ናቸውና ብርሃን የሚያፈርሰው ማቅለሚያ የላቸውም። እርሳስን ሰው በላጲስ ያጠፋዋል እንጂ ውሀም ፀሐይም አያጠፋውም፤ ይህን ለማመን እኛም ዓይናችን ማየት አስፈልጎታል።

ነገረ ሥራው ይህ ስለ ሆነ የአያታችን ቀለም ለምን እንደ ቆመ ተገለጠልን። እኛም በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ከድስት ቂጥ ጥላሸት እየፋቅን ለመምህራችን እናመጣ ነበር። እርሳቸውም አሮ እስኪጠቁር የተቆላ እህልና ሙጫ ጨምረው ይወቅጡታል፤ በውሀ ዘፍዝፈው፥ እያማሰሉ ለወራት ያኖሩታል። ቀለሙ ሲደርስ ሽታው ሩቅ የሚሄድ ነበርና የጎረቤት ሴቶች ያጕረመርሙ ነበር። ጥላሸቱ በቀለሙ ውስጥ አይሟሟም፤ ደቅቆ በሙጫው ኀይል ከብራናው ጋራ ይጣበቃል። ውሀ ሲነካው ሙጫው ጥቂት ይላቀቃል፤ የአያታችን ፊደል ጠርዙ የደበዘዘው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የባሉጡ ነገር ነው። አንዲት ተርብ መሰል ትንሽ ነፍሳት በባሉጥ ላይ እንቁላሏን ስትጥል፥ ዛፉ በዚያ ዙሪያ ኳስ የመሰለ እባጭ ያበቅላል፤ ያም እባጭ ቀድሞ አንባቢ እንዲይዝልን በለመንነው በታኒን የተሞላ ነው። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን እባጭ ፈጭተው ከብረት ጨውና ከግራር ሙጫ ጋራ በውሀ እያዋሐዱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጽፉበት ኖረዋል። ሲጻፍ ሐመር ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ወደ ወረቀቱም ውስጥ ይገባልና በቀላሉ አይታጠብም። ጥፋትም አለው፤ በልክ ያልተበጀ እንደ ሆነ ኮምጣጣነቱ ዘመን ሲረዝም ወረቀቱን ራሱን ይበላዋል። ለቀለም ብዕር እንዲስማማ ሆኖ የቀለለው ዓይነት ዛሬም ይሸጣል፤ በርሱ የሚጽፍ ሰው ብዕሩን ቶሎ ቶሎ በቀዝቃዛ ውሀ ማጠብ አለበት። በእንግሊዝ አገርም የልደት የጋብቻና የሞት መዝገብ ለብዙ ዘመን ይጻፍ የነበረው በዚህ ዓይነት ቀለም ነው፤ የጋብቻው መዝገብ በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ተዛውሯል። የእኅታችን ልጅ በመስኮቷ ያየችው ዛፍ እንግዲህ በቅጠሉ የሚጠፋውን፥ በእባጩ የሚጸናውን ቀለም ሰጥቷል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። ከገበያና ከባንክ የምንቀበለው፥ በሙቀት የሚታተመው ደረሰኝ ከመፀው ቀለም የባሰ ነው፤ በኪስ ሙቀትና በመስኮት ብርሃን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ክርክር የሚያስነሣ ገንዘብ የከፈለ ሰው በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ ያስነሣው። ባዶ ወረቀት በፖስታ አሽጎ ለማስረጃ የሚያቀርብ ባለ ጉዳይ ሲያጋጥም የሚያሳዝን ነው።

በጥር አጋማሽ ባንድ እሑድ ቁራጮቹን ይዘን ወደ እናታችን ቤት ሄድን፤ እኅታችንም በዚያ ነበረች። ሁለቱንም ቁራጮች በገበታው ላይ ዘረጋን። እኅታችን ውሀ የታጠበውን አንሥታ ወደ ብርሃን አቅርባ ብዙ ጊዜ አየችው። ኋላም፥ «የኔም እንዲሁ ነው የሄደው?» አለች። እኛም አዎን አልናት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

አሳባችን የልጂቱን ልመና ትቶ በጥቁር መጻፍ ነበር። ግን ይህን ለእኅታችን መናገር ከበደን፤ ልጇ በሩቅ አገር ብቻዋን በወለደች ጊዜ ከመስኮት ያየችውን ነገር፥ አይረባም ብለን እንደ መመለስ ሆነብን። ነገሩን የቈረጡት እናታችን ናቸው። «አባትህ በሰማያዊው ሲጽፉ እኔም ደስ ብሎኝ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ እርሳቸው ብቻ አላጠፉም» አሉን። ቀጥለውም፥ «ስሟን በአያትህ ቀለም ጻፈው፤ የላከችውን ደግሞ ለሐረጉ አድርገው። ሐረጉ ቢሄድ ስሙ ይቀራል» አሉ።

ሐረግ ማለት ባገራችን መጽሐፍ ራስጌ ላይ ተጠላልፎ የሚሣለው ጌጥ እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። እኛ የጽሕፈት እንጂ የሐረግ ባለሙያዎች አይደለንምና በወረቀት ላይ ሦስት ቀን ተለማመድን። ከዚያ በኋላ ብራናውን ቀለሙ እንዲይዘው ጥቂት ፍቀን፥ የሕፃኒቱን ስም፥ የአባቷንና የእናቷን ስም፥ የተወለደችበትን ቀንና አገር በመቃ ብዕርና በጥላሸት ቀለም ጻፍን። ዓመቱንም በፍርድ ቤት ልማድ ሁለት ጊዜ ጻፍነው፤ አንድ ጊዜ በአኃዝ፥ አንድ ጊዜ በፊደል። አባታችን ይህን አድርገው ቢሆን ኖሮ እኅታችን ያን ያህል ባልተመላለሰች ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ ከላይ ሐረጉን በመፀው ቀለም ሣልን። እጃችን ጥቂት ተንቀጥቅጦ ባንዱ ወገን ጠምዟል፤ መልኩ ግን በኅዳር የደረሰ የጤፍ ማሳ ይመስላል፤ ዳዊቱም በማኅደሩ ተዘግቶ የሚቀመጥ ስለ ሆነ ፀሐይ በቶሎ አያገኘውም። የማኅደሩን ክዳን ባለቤታችን በአዲስ ጠፍር ሰፍታዋለች። ገጹንም ፎቶግራፍ አንሥተን በሦስት ስፍራ አስቀመጥነው።

ለእኅታችን ልጅ የመለስንላት ደብዳቤ በራሷ ቀለም የተጻፈ ነው፤ ደብዳቤ ተነብቦ ልብን ካስደሰተ ሥራውን ፈጽሟልና በዚህ አልሠሠትንም። ከፎቶግራፉ ጋራ ፀሐይ ያየውንና ያላየውን ቁራጭ በውስጡ አኖርንላት። ፖስታው ሳይታሸግ እኅታችን ተቀብላን አነበበችው፤ ከልጃችን እርሳስ ተውሳም ከግርጌው አንድ መሥመር ጨመረች። «የኔን ዓመት ግን እስካሁን አላገኙትም» ይላል።